ሁለተኛው ነጭ መስመር

ውድ ቁጡዬ፣

ደብዳቤ ሲጀመር የጤና ጥያቄ ይቀድማል። ያንቺን ጤና መጠየቅ ከእንግዲህ አይሆንልኝም፤ የእኔን ግን ልንገርሽ። ሪህ ይዞኛል። አዎ፣ ሪህ። ስትሰሚው እንደምትስቂ አውቃለሁ። ግን እንደ ሰው ሁሉ የእግር አውራ ጣቴን አይደለም የያዘኝ። ከጉሮሮዬ በታች በግራ በኩል፣ ከትከሻ የሚመጣው ቀጭን አጥንት ከደረት አጥንት ጋር የሚገጥምበት ቦታ ላይ ነው። እዚያ መገጣጠሚያ እንዳለ ራሱ እስከዚህ ዕድሜዬ አላውቅም ነበር። ያገኘችው ሐኪምም ብትሆን በመጽሐፍ እንጂ በሰው ላይ አይታው እንደማታውቅ ነግራኛለች።

እንዴት እንደተገኘ ልንገርሽ ብዬ ነው የምጽፈው። ለሌላ ሰው ባወራው ገና ከመጀመሬ «ተመስገን በል» ብሎ ይዘጋዋል። አንቺ ግን እስከ መጨረሻው ትሰሚኛለሽ። ምርጫም የለሽ።

መጀመሪያ ካንቺ ወዲህ እንዴት እንደሆንኩ ልንገርሽ። አላለቀስኩም። ሰዉ «ጎበዝ ነው፣ ቻለው» ይላል። አልቻልኩትም፤ አልደረሰኝም እንጂ። ነገሩ ሁሉ ጓንት አድርጌ የምነካው ዓይነት ሆኗል። ምግብ ስበላ ሙቅ መሆኑን አውቃለሁ፣ ጣዕሙ ግን አይመጣልኝም። ተሳፋሪ ሲሰድበኝ አፉ ሲንቀሳቀስ አያለሁ። ልጃችን ስታወራኝ «እሺ» እላለሁ፣ ከዚያ ምን እንዳለች ራሴን ስጠይቅ የለም። ክፉ ስሜት አይደለም፣ ቁጡዬ። ስሜት አይደለም ጭራሽ። መብራት የጠፋበት ቤት ውስጥ እንደ መቀመጥ ነው፤ ዕቃው ሁሉ ቦታው እንዳለ ታውቂያለሽ፣ ግን አይታይሽም።

ሕመሙ የጀመረው አንድ ጠዋት የአውቶቡሱን ቀበቶ ሳስር ነው። ቀበቶው በግራ ትከሻዬ ላይ ወርዶ ያቺን ቦታ ሲነካት ዓይኔ እንባ ሞላ። ከሐዘን የመጣ እንዳይመስልሽ፤ ሚስማር የተመታብኝ ያህል ነው የተሰማኝ። ጋራዡ መጸዳጃ ቤት ገብቼ ሸሚዜን ከፍቼ በመስታወት አየሁት። ቀልቶ፣ ቆዳው ተወጥሮ እያበራ፣ የእንቁላል ግማሽ የሚያክል ነገር ወጥቷል። እጄን አስጠግቼ ሳልነካው ሙቀቱ ተሰማኝ።

ያንቺም በአንገትሽ ሥር የወጣች ትንሽ ነገር ነበረች ስትጀምር። ትዝ ይልሻል፣ «ይቺ ምናምን የአንገት ጌጤን አላስተኛ አለችው» ብለሽ ነበር ያሳየሽኝ። እኔም መስታወቱ ፊት ቆሜ የእኔም ያው ነው ብዬ ደመደምኩ። ሳልደነግጥ ሸሚዜን ቆለፍኩ። ወረፋ ስትጠብቂ ቆይተሽ ስምሽ ሲጠራ እንደሚሰማው ዓይነት ነው። «እሺ፣ መጣሁ» አልኩሽ በልቤ። ከዚያ ወጥቼ አውቶቡሱን አስነሣሁ።

ለማንም አልተናገርኩም። ፎጣ አጥፌ ቀበቶው ሥር እየሸጎጥኩ ነዳሁ። ክረምት ሲመጣ የምለብሰውን ካፖርት ለመካኒኩ ሰጠሁት፤ «ምነው ጠበበህ?» ሲለኝ «ከበደኝ» አልኩት። መሣሪያ ሳጥኔን ለታች ቤቱ ጎረቤታችን ሰጠሁት። ደረጃ ላይ ያለውን አበባ ውኃ ማጠጣት ተውኩ፣ ከእኔ በኋላ ማን ያጠጣዋል ብዬ። የሚገርምሽ፣ ሕመሙን ወደድኩት። ጠዋት ስነሣ መጀመሪያ የማደርገው ቦታዋን በጣት መጫን ነበር። ከጓንቱ አልፎ የሚደርሰኝ ብቸኛ ነገር እሱ ስለሆነ። ይህን ለልጃችን አልነገርኳትም፣ አትንገሪያትም።

እንዲህ እያልኩ እስከ መጨረሻው የምዘልቅ መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ቀትር ላይ አደባባዩን ስዞር ቀኝ እጄ ማርሽ ላይ ነው፣ መሪውን የያዘው ግራው ብቻ ነው። መሪውን ስስበው ያቺ ቦታ ወጋችኝና እጄ ከዳኝ። መሪው ተመለሰ። የፊት ጎማው የእግረኛው መንገድ ጠርዝ ላይ ወጣ። ፍሬን ያዝኩ። ቆመው የነበሩት ተሳፋሪዎች አንዱ በአንዱ ላይ ተደራረቡ፣ የአንዲት ሴትዮ ሽንኩርት ከከረጢት ወጥቶ እስከ ኋላ ወንበር ተንከባለለ። መንገዱ ጠርዝ ላይ አንዲት ተማሪ ደብተሯን እንዳቀፈች ቆማለች። ከአውቶቡሱ አፍንጫ እስከ እሷ ያለው ቦታ አንድ ሰው በጎን ከሚያልፍበት አይበልጥም። አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም፤ የአውቶቡሱን የፊት መስታወት አየችው። እኔም አየኋት። ሞተሩን አጠፋሁ።

ማንም አልተጎዳም። ሴትዮዋ ሽንኩርቷን እየለቀመች «ጋሼ፣ ደህና ነህ?» ብላ ስትጠይቀኝ «ደህና ነኝ» አልኳት። እሷን መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

የስምሪት ኃላፊውን ታውቂዋለሽ፣ ያ ሲስቅ ሆዱ ቀድሞት የሚስቀውን። ጋራዥ ስመለስ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ሳቅ አልነበረውም።

«ቀስታ» አለኝ፤ ያው እንደምታውቂው ቀስ ብዬ ስለምነዳ የሚጠሩኝ እንደዚያ ነው። «አንተ ጠርዝ ላይ አትወጣም። ምን ሆነሃል?»

«እንቅልፍ አጥቼ ነው።»

«ቁልፉን አምጣ።»

ሰጠሁት። ቁልፉን ኪሱ ከቶ ትከሻዬን ሊመታኝ እጁን ሲያነሣ ሳላስበው ሸሸሁ። እጁ አየር ላይ ቀረ። ለአፍታ አየኝና «ሐኪም ሳያይህ መሪ አትነካም» አለ። ለልጃችን የደወለላት እሱ ነው። ያን ጊዜ ተቀየምኩት ብልሽ ውሸት ነው፤ ምንም አልተሰማኝም።

ልጃችን በማግስቱ ከመነጽር ቤቱ ፈቃድ ጠይቃ መጣች። ገብታ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ፣

«እጅህን ወደ ላይ አንሣ» አለችኝ።

«ለምን?»

«አንሣ አልኩህ፣ አባዬ።»

ድምፁ ያንቺ ነው። ቁጣሽን ሙሉውን ሳትሸራርፊ ነው ያወረስሻት። ቀኙን አነሣሁ። «ሌላውን» አለች። ግራው ትከሻዬ ጋ ሲደርስ ቆመ። ቀረበችና የሸሚዜን ቁልፍ ፈታች። መነጽር ስታስተካክል እንደምታደርገው በሁለት ጣት፣ ቀስ ብላ። ካየችው በኋላ መልሳ ቆለፈችው። ወንበር ስባ ተቀመጠችና መስኮቱን እያየች፣

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለች።

«ቆየ።»

«ማን ያውቃል?»

«ማንም።»

የምትሳደብ መስሎኝ ስጠብቅ ተነሥታ ጫማዬን አመጣችልኝ፤ ተንበርክካም አሰረችልኝ። ማሰሪያውን ቋጥራ ፈታችው፣ እንደገና ቋጠረችው። ማየቱን አየሁ፣ ቁጡዬ። ልቤ ግን አልተንቀሳቀሰም።

ክሊኒኩ ውስጥ ያገኘነው ሐኪም ወጣት ነው፣ ትሑትም ነው። ጫን ጫን አድርጎ አየኝ፣ ደም አስወሰደኝ፣ ራጅ አስነሣኝ። ራጁ ላይ ጎልቶ የሚታይ ነገር የለም አለ። ደሜም ውስጥ ሪህ የሚያመጣው አሲድ ልኩ ላይ ስለሆነ ሪህን ከሐሳቡ አወጣው። በኋላ እንደተረዳሁት ሕመሙ ሲነሣ አሲዱ ከደም ሸሽቶ ልኩ ላይ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ። እሱ በዚህ አይወቀስም፣ ቦታዋ ራሷ ሪህን የምታሳስብ አይደለችም።

«ቤተሰብዎ ውስጥ ካንሰር የያዘው ሰው አለ?» አለኝ።

«ባለቤቴ።»

«አይ፣ በሥጋ የሚዛመድዎትን ማለቴ ነው፤ ባለቤት አይቆጠርም።»

አይቆጠርም አለ። ልጃችን ጣሪያውን ቀና ብላ አየች። እኔ እሺ አልኩ። ዕጢ ወይም መገጣጠሚያ ውስጥ የገባ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላልና በቶሎ በአልትራሳውንድ ይታይ ብሎ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ላከን። ወደ ያ ሆስፒታል። ወደ ያ ኮሪደር፣ ያ አረንጓዴ አግዳሚ ወንበር ያለበት፣ «እዚህ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሰው ሳይታመም ያመዋል» ያልሽው። ወንበሩ አልተቀየረም። ተቀመጥንበት።

በሩ ሲከፈት የወጣችው ሐኪም እሷ ናት። ያንቺዋ፣ አንገትሽን ያየችው። ፀጉሯን አሳጥራዋለች፣ ትንሽ ከስታለች። መጀመሪያ እኔን አየችኝ፣ ቀጥሎ ልጃችንን፣ ከዚያ እንደገና እኔን። ያወቀችኝ ያን ጊዜ ነው። ምንም ሳትል በሩን ይዛ አስገባችኝ፤ ልጃችን ውጭ ቀረች።

ክፍሉን ታውቂዋለሽ። መጋረጃው የተዘጋ፣ ከስክሪኑ ብርሃን ሌላ የሌለበት፣ አልጋው ላይ ሲነኩት የሚንኮሻኮሽ ወረቀት። ሸሚዜን አወለቅኩና ተጋደምኩ። አንቺ ከተጋደምሽበት በኩል ጣሪያውን ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር። ያኔ እኔ እግርሽ ሥር ነበር የቆምኩት። ጣሪያው ላይ የእርጥበት ምልክት አለ፣ አይተሽው ይሆናል።

ቆዳ ላይ የሚቀባውን የጄል ጠርሙስ በሁለት መዳፏ መሀል አድርጋ ታሞቀው ጀመር።

«ባለቤትዎን አስታውሳቸዋለሁ» አለች። «የተቆጡኝ።»

ያልሽውን እኔም አልረሳሁትም። ያን ቀን መሣሪያውን አንገትሽ ላይ እያንሸራተተች፣ አንዴ እየቆመች፣ አንዴ እየተመለሰች፣ ቃል ሳትተነፍስ ቆየች። አንቺም ተነሥተሽ ተቀመጥሽና «ስሚ የኔ እመቤት፣ ዝም ያልሽው እኔ እንዳልሰማ ከሆነ ዝምታሽ ጮክ ብሎ እየተናገረ ነው። የኔ አንገት ነው። የምታዪውን እያየሽ ንገሪኝ፣ ካልሆነም ይቺን ቀዝቃዛ ነገር ጥረጊልኝና ልሂድ» አልሽ። እኔ አፈርኩ። እሷ ቀላች። ልጃችን እስከ ዛሬ ታወራዋለች፣ በስልክ ለሰው ሁሉ።

«አዎ፣ ትቆጣ ነበር» አልኳት።

«ከዚያ ቀን ወዲህ ዝም ብዬ አላይም» አለች። «የማየውን እያየሁ እናገራለሁ። በሽተኛው እንዲነገረው ካልፈለገ አስቀድሞ ይነግረኛል። እርስዎስ? ልናገር?»

«ተናገሪ።»

ጄሉ ለብ ብሎ ነበር። መሣሪያውን ጫን ሳታደርግ አሳረፈችው። እንዲያም ሆኖ ጥርሴን ነከስኩ። ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው። ግራጫ ነገር ነው፣ ዝናብ ላይ እንደተነሣ ፎቶ።

«ይህ በግራ በኩል ያለው የደረት አጥንት ነው። ይህ ከትከሻ የመጣው። መሀላቸው መገጣጠሚያው። አጥንት እንዲህ ነጭ መስመር ሆኖ ይታያል፣ አያችሁት?» አለች፣ ከእኔ ሌላ ሰው ያለ ይመስል። ከዚያ ራሷ ሰማችውና «አዩት?» ብላ አስተካከለችው።

«አየሁት።»

«መገጣጠሚያው ውስጥ ውኃ ቋጥሯል። ይህ ጥቁሩ። አሁን ደግሞ ደሙ እንዴት እንደሚሄድ ላሳይዎት።» አንድ ቁልፍ ነካች፣ ጥቁሩ ዙሪያ ቀይ ነጠብጣብ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ። «ተቆጥቷል። በጣም ነው የተቆጣው። ዕጢ ቢሆን ግን አንድ የተሰበሰበ ነገር አይ ነበር፤ እስካሁን አላየሁም። እየፈለግኩ ነው።»

እየፈለገች ነገረችኝ። እኔም አብሬያት ፈለግኩት። እውነቱን ልንገርሽ፣ እሷ እንዳታገኘው ነው የምትፈልገው፣ እኔ እንዲገኝ። ዓይኔን ስክሪኑ ላይ ተክዬ ያንቺን ቅርጽ ጠበቅኩ፤ ያን ጠርዙ የተቦጫጨቀ ጥቁር ነገር፣ ያኔ ከእግርሽ ሥር ሆኜ ያየሁትን። አልመጣም።

ድንገት እጇ ቆመ። ትንሽ ወደ ኋላ መለሰችው፣ ዘንበል አደረገችው። ጎንበስ ብላ ስክሪኑን አየች። ዝም አለች። ከዚያ ዝም ማለቷን አወቀችና በፍጥነት ተናገረች።

«ይቅርታ፤ ደህና ነው፣ መጥፎ ነገር አይደለም። ስለገረመኝ ነው። ይህን ይዩልኝ። ነጩ መስመር አጥንቱ ነው አልኩዎት። በላዩ ላይ ለስላሳ ነገር ተለብጧል፣ እሱ ጠቆር ብሎ ነው የሚታየው። በዚያ በጠቆረው ላይ ሌላ መስመር መኖር የለበትም። እዚህ ግን አለ። ሁለተኛ ነጭ መስመር። ቀጭን፣ ከመጀመሪያው ጎን ለጎን የሚሄድ። ስኳር የተነሰነሰበት ይመስላል፣ አይደል? ውኃው ውስጥም እነዚህ የሚያብረቀርቁ ደቃቅ ነገሮች አሉ።»

«ምንድን ነው?»

«አንድ ነገር ጠርጥሬያለሁ። ጫማዎን ላውልቅ?»

ሳላስበው «ጫማዬን?» አልኩ። ደረቴን ይዤ ሄጄ እግሬን ስትጠይቀኝ ግራ ገባኝ። አወለቀችው፤ ልጃችን የቋጠረችውን ማሰሪያ ራሷ ፈታችው። አውራ ጣቴ ላይ ጄል አድርጋ አየች፣ ጉልበቴንም አየች። አውራ ጣቴ አንድም ቀን አሞኝ አያውቅም። እዚያም ግን ሁለተኛው መስመር አለ። ተጋድሞ ተኝቷል።

«ሪህ ነው» አለች። «እግርዎ ውስጥ ድምፅ ሳያሰማ ተቀምጦ፣ ማንም በማይጠብቀው ቦታ ላይ ተነሣ። እንዲህ ያለውን አንብቤዋለሁ እንጂ አላየሁትም ነበር። ግን በመርፌ ሳላረጋግጥ አልለቅዎትም፤ ኢንፌክሽን አለመሆኑንም ማወቅ አለብን።»

ቦታዋን አደነዘዘችና መርፌዋን በስክሪኑ እየተከተለች አስገባች። መርፌው ነጭ ክር ሆኖ ጥቁሩ ውስጥ ሲገባ አየሁት፤ የሌላ ሰው ሥጋ ውስጥ የሚገባ ይመስል ነበር። የወጣው ውኃ ሩዝ የታጠበበት ይመስላል። ይዛው ራሷ ወደ ላቦራቶሪ ሄደች። ስትመለስ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ፣ በማይክሮስኮፕ ያየችውን ነገረችኝ፤ እንደ መርፌ የሾሉ ደቃቅ ነገሮች ሞልተውታል፣ ሪህ እንጂ ሌላ አይደለም። ኢንፌክሽን ካለ የሚያሳየው ምርመራ ቀናት ይወስዳል፣ እሷ ግን አልጠበቀችም፣ ኋላም ውጤቱ ነጻ ሆነ።

«ካንሰር አይደለም» አለች።

«እርግጠኛ ነሽ?»

ጥያቄው ከአፌ የወጣበት መንገድ ልክ አልነበረም። ሰው እንዲህ ሲጠይቅ ደስታውን ለማጽናት ነው የሚጠይቀው። የእኔ ሌላ ነበር፣ እሷም ሰማችው። ጄሉን ከደረቴ ላይ እየጠረገች ነበር፤ እጇ ዘገየ።

«ሌላ ነገር ነበር የጠበቁት» አለች።

«አዎ።»

«እንደሳቸው።»

«አዎ።»

«ፈርተው ነበር?»

«አልፈራሁም።»

ወረቀቱን ከአልጋው ላይ ጠቀለለች፣ አዲስ ዘረጋች። ምክር ትጀምራለች ብዬ ስጠብቅ አልጀመረችም። እንዲህ ብቻ አለች፦ «ልጅዎ ናት አይደል ውጭ ያለችው? ላቦራቶሪ ስሄድ በሩን ከፈትኩና አየችኝ፤ ፊቴን አንብባ ለመጨረስ ሞከረች። ያን ዓይን አውቀዋለሁ። እርስዎ ባይፈሩም እሷ ለሁለታችሁ ፈርታለች። ከፈለጉ እኔ ልንገራት።»

«እኔ እነግራታለሁ» አልኩ።

ወጣሁ። ልጃችን አረንጓዴው ወንበር ላይ አልነበረችም፤ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች፣ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ሆዷ ላይ ይዛ። ሸሚዜን ገና አልቆለፍኩም።

«ሪህ ነው» አልኳት።

«ምን?»

«ሪህ።»

«ደረት ላይ?»

«ደረት ላይ።»

ሳቀች። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሳል የሚመስል ሳቅ። ከዚያ በግድግዳው እየተንሸራተተች ወለሉ ላይ ተቀመጠችና ፊቷን ጉልበቷ ውስጥ ቀበረች። አጠገቧ መቀመጥ ፈለግኩ፣ ግን ክንዴ ወለል ላይ ለመደገፍ እንቢ አለኝ። ቀኝ እጄን አናቷ ላይ አደረግኩ። ሰው ያልፋል፣ አልጋ በጎማ ይገፋል፣ እኛ መንገድ ዘግተናል።

ቀና ሳትል፣ «ፈልገኸው ነበር» አለች።

እጄን ከአናቷ ላይ አላነሣሁም።

«ካፖርትህን ለመካኒኩ ስትሰጠው ነው የገባኝ። ከመካኒኩ ሚስት ሰማሁ። ደስ ብሏት ነው የነገረችኝ፣ ለባሏ ልክ ሆነ ብላ።» አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «ብጠይቅህ ትዋሸኛለህ፣ ካልዋሸኸኝ ደግሞ ምን እንደምልህ አላውቅም። ስለዚህ ዝም አልኩ። እማ ሄደች። አንተ ደግሞ ተከተልካት፣ ጫማህን ብቻ እዚህ ትተህ። ቤትህ ስመጣ የማገኘው ጫማህን ነው፣ አባዬ።»

«ይቅር በይኝ» ማለት እችል ነበር፣ ግን ሳይሰማኝ ያልኩት ከሆነ ታውቅብኛለች። ስለዚህ እውነቱን ነገርኳት። «ምንም አይሰማኝም» አልኳት። «አሁን እንኳ። ስታለቅሺ አያለሁ፣ ግን አይሰማኝም። ከእናትሽ ወዲህ እንዲህ ነው።»

ቀና ብላ አየችኝ። ትቆጣለች ብዬ ነበር። ፊቷ ግን ለስለስ አለ፣ የጠፋ ዕቃ የት እንዳለ እንደተነገራት ሰው። «እንደሱ በለኛ» አለች። «እንዲያው አኩርፈኸኝ መስሎኝ።»

እጇን ሰጠችኝ፣ በቀኝ እጄ ሳብኳት፣ ተነሣች። የሸሚዜን ቁልፎች ቆለፈችልኝ፤ አንዱን አዛንፋ።

ከዚያ በኋላ ያለው የሐኪም ነገር ነው። የደም ግፊት ክኒኔ ውኃ የሚያሸና ዓይነት ስለነበረ እሱ አንዱ ምክንያት ነው ተብሎ ተቀየረ። «ሹፌር ስለሆኑ ውኃም በደንብ አይጠጡም» አለኝ ክኒኑን የቀየረልኝ ሐኪም፣ ሳልነግረው አውቆ። መንገድ ላይ ሽንት እንዳያስቸግረኝ ከማለዳ ጀምሮ አፌን እንደማላረጥብ ከአንቺ በቀር ማንም አያውቅም ነበር። ለሕመሙ ክኒን፣ ለረጅም ጊዜ ደግሞ ሌላ ክኒን ሰጡኝ።

ጋራዥ ስነግራቸው የስምሪት ኃላፊው ሆዱ መጀመሪያ ሳቀ። «ሪህ የባለጠጋ በሽታ ነው፤ አንተ በኛ ደሞዝ ከየት አመጣኸው?» አለ። መካኒኩ ካፖርቱን ሊመልስልኝ መጣ። ያዘው አልኩት፣ አምሮበታል። ሐኪሞቹ ፈቅደውልኝ መሪ በያዝኩበት የመጀመሪያ ቀን ኃላፊው ራሱ ከኋላዬ ተቀምጦ አንድ ዙር ሄደ፤ አደባባዩ ጋ ስንደርስ ትንፋሹን ሲይዝ ሰማሁት። በደንብ ዞርኩ።

ሕመሙ ቀስ በቀስ ለቀቀኝ። አንድ ጠዋት እንደ ልማዴ በጣቴ ስጫን የለም። ጠበቅ አድርጌ ተጫንኩ፣ የለም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ይህን የምነግረው ላንቺ ብቻ ነው፦ ያን ጠዋት ነው ሞተሽ ያገኘሁሽ። ከቀብርሽ ቀን ይልቅ ያን ጠዋት። እስከዚያ ድረስ መንገድ ላይ የነበርኩ ያህል ነበር፣ ካንቺ ትንሽ ወደ ኋላ የቀረሁ። አሁን ግን መንገዱ ተዘግቶ እኔ ቤት ውስጥ ነኝ፣ አልጋው ሰፊ ነው፣ ደረቴን የሚያመኝ ነገር የለም። አለቀስኩ ብዬ ላስደስትሽ አልችልም። ጉሮሮዬ ላይ የሆነ ነገር መጣ፣ ቆመ፣ ተመለሰ። ግን መጥቶ ነበር።

ልጃችን አሁን በእረፍት ቀኗ ትመጣለች። አትጠይቀኝም ነበር፣ አሁን በር ላይ ቆማ «ዛሬስ ይሰማሃል?» ትለኛለች፣ ስለ አየሩ እንደሚጠየቅ። «ትንሽ» ስላት ትንሽ ነው ብላ ትገባለች፣ «ምንም» ስላትም እሺ ብላ ትገባለች። ባለፈው መነጽሬን አውልቃ ወሰደችና «በዚህ ነው እንዴ የምታየው?» ብላ በቀሚሷ ጠርዝ ስትጠርገው ሳላስበው ሳቅኩ። ደነገጠች። እኔም ደነገጥኩ።

ድኛለሁ አልልሽም፣ ቁጡዬ። ውኃ እጠጣለሁ፣ ክኒኔን እወስዳለሁ፣ አውቶቡሴን ቀስ ብዬ እነዳለሁ። ልመጣ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ሳልመጣ ቀረሁ፤ ይህን ከአፌ ብትሰሚው ይሻላል ብዬ ነው የጻፍኩልሽ። እዚህ የምትጠብቀኝ ልጅ አለች፣ እኔም ባይሰማኝ እንኳ ቤት ስትመጣ ልገኝላት ቃል ሰጥቻታለሁ። ጊዜው ሲደርስ እመጣለሁ፣ ቀስ ብዬ፣ እንደ አነዳዴ። እስከዚያ መብራት አብርተሽ አትጠብቂኝ። ተኚ።

ባልሽ